ልብ ጻፊው ሣጥን

ሐኪሙ ያልጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ከወይዘሮ ሰርክአዲስ በቀር። ባልየውን ጠየቀ። በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧትን ሁለት ጎረቤቶች ጠየቀ። የገዛ ዘበኛውን ሳይቀር «በሩን ስትከፍትላቸው ዐይኗ ተገልጦ ነበር ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እናቲቱ ከበሩ ጥግ ባለች ዱካ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አልጋው ላይ የተዘረጋችውን ልጅ አምጠው የወለዱ፣ ከፈንጣጣና ከኅዳር በሽታ መንጥቀው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው። የሐኪሙ ዐይን ግን በሳቸው ላይ የሚያልፈው መጋረጃ ላይ እንደሚያልፍ ነበር።

«ዘበኛውን ከጠየቀ፣ የቀረው በቅሎውን መጠየቅ ነው» አሉ ለራሳቸው፤ ለራሳቸው ይበሉት እንጂ ቤቱ ሙሉ ሰምቷል። አማቻቸው ፍስሃ ጆሮው ቀላ፤ ዞሮ ግን አላያቸውም። ፍስሃ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው። ፈረንሳይኛ ያነባል፣ የኪስ ሰዓት አለው፣ ሲናገር ቃሉን መርጦ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ስምንት ቀን ድሬዳዋ ከርሞ ትናንት ማታ በባቡር ሲመለስ ሚስቱን ጥሩነሽን ከመደቡ ሥር ወድቃ አገኛት። ለሐኪሙ የነገረውም ይህንኑ ነው፦ ሆዷን ትንሽ አሟት እንደነበር ጎረቤት ነግሮታል፤ ከዚህ ቀደም ጤነኛ ናት፤ ምንም መድኃኒት አትወስድም፤ ምንም።

ሐኪሙ ሃይጋዝ የሚባል አርመን ነው። አራዳ ተወልዶ አራዳ ያደገ፣ ባሕር ተሻግሮ ተምሮ የተመለሰ፣ አማርኛው የገበያ ሰው የሚያስቅ ሰው ነው። ቤቱ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከሥሩ ሰዓት አዳሽ ያለበት ፎቅ ነው። ሁለት አልጋ፣ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ፣ ሲረግጡት የሚያቃስት የጣውላ ወለል፣ ዐይን የሚቆረቁር የመድኃኒት ሽታ። ከመካከሉ ከአራዳ እስከ ጉለሌ የተወራለት ሣጥን ተገትሯል። በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር እንደመጣ ይነገራል። በሆዱ ከጠጉር የቀጠነ ክር አለ፤ የበሽተኛው ልብ ሲመታ ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ የክሩ ጥላ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ልብ የሠራው ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሰዉ «ልብ ጻፊ» ብሎታል። አንድ ጊዜ ለመጻፍ አሥራ ሁለት ብር ነው፤ በዚያ ዋጋ አራት ሙክት ይገዛል። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ግን ሣጥኑን ሲያዩት ቁሞ የቀረ የሬሳ ሣጥን ነው የመሰላቸው፤ እንደዚያ ብለው እንዳይናገሩት ብቻ ምላሳቸውን ነከሱ።

የጥሩነሽን ሁለት እጆችና ግራ እግሯን ጨው የተበጠበጠባቸው ሦስት ሳህኖች ውስጥ ነከሩላት። ልጅቷ ጭንቅላቷን እንኳን ቀና ማድረግ አቅቷታል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ጉንጯ ጎድጉዷል፤ ዐይኗ ይከደናል፣ ይገለጣል፤ እናቷን ሲያገኝ ግን ቶሎ ይከደናል። ሐኪሙ «አትንቀሳቀሺ» ሲላት ወይዘሮ ሰርክአዲስ ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ለመንቀሳቀስማ ምን አቅም ኖሯት። ከዚያ ሐኪሙ ፊልሙን ይዞ ወደ ጨለማ ክፍሉ ገባ፤ ታጥቦ እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ጎረቤቶቹ ስለ ቅቤ መወደድ ጥቂት አወሩ፤ አንደኛው የዘንድሮ ማር ከሱሉልታ አልገባም አለ፤ ሌላው ይገባል አለ፤ ከዚያ ሥራ እንዳላቸው ትዝ አላቸውና ሄዱ። አማትና አማች ቀሩ። በመካከላቸው አንድ አልጋ ብቻ ነበረ፤ አንድም ቃል ግን አልተሻገረውም።

ካለፈው መስቀል ወዲህ እንዲህ ናቸው። በመስቀል ማግስት፣ በጥሩነሽ ቤት፣ ጥሬ ሥጋ ተበልቶ ሰው ሲጫወት፣ ፍስሃ በእንግዳ ፊት «በኔ ቤት ከእንግዲህ ኮሶ አይጠጣም፤ ሰው እንደ ከብት የዱር ቅጠል ተግቶ ሲያጣጥር አላይም፤ ከመድኃኒት ቤት እንክብል አመጣላታለሁ» አለ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ሠላሳ ዓመት አራዳ ገበያ ኮሶ የሸጡ ሴት ናቸው። ልጃቸውን በኮሶ ነው ያሳደጓት፤ በጆሮዋ ላይ ያለችው ወርቅ የኮሶ ወርቅ ናት። «እንግዲያው ትሉን ክርስትና አንሱትና ስም አውጡለት፤ ቤተኛ ሆኗል» ብለው ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «በእናትሽ እንጀራ የሚያፍር ባል ካለሽ፣ እኔ ደጅ አትምጪ» አሏት። አልመጣችም። አራት ወር ሙሉ አልመጣችም። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤት በሩን ደብድቦ «ልጅዎ ልትሞት ነው» እስኪላቸው ድረስ፣ እሳቸውም በዚያ በኩል አልፈው አያውቁም።

ሐኪሙ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ከጨለማው ወጣ። ረጅም ነው፣ እንደ መቀነት። በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ እያየ ቆየ፤ መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ለፍስሃ ግማሹን በፈረንሳይኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነገረው። የጤነኛ ሰው ልብ ሲጻፍ መጀመሪያ ትንሽ ጉብታ፣ ቀጥሎ ረጅም እሾህ፣ ቀጥሎ ደኅና ኮረብታ ነው። የዚህችኛዋ ኮረብታ ተደፍጥጧል፤ ከተደፈጠጠው ቀጥሎ ደግሞ ሊኖር የማይገባው ሌላ ኮረብታ በቅሏል። በየመካከሉ እሾሁ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይመጣል። «በትምህርት ቤት ያሳዩኝ ላይ የለም፤ መጽሐፌም ላይ የለም» አለ። «ልቧ ከሥሩ የታመመ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው ልብ ዛሬን አያድርም። እስከ ስድስት ሰዓት በራሱ ካልቀና፣ ልብ የሚነዳ መርፌ እወጋታለሁ። ካገዛት አገዛት፤ ካላገዛት ቤቷ ወስዳችሁ ካህን ትጠሩላታላችሁ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የታመመው ልቧ?» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከዱካቸው።

ሐኪሙ አልሰማም፤ ወይም ሰምቶ መልሱን ለፍስሃ ተወው። ፍስሃ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በዚያ በመረጠው ቃሉ፣ «እሜቴ፣ ይህ የትምህርት ነገር ነው። ይልቅ ብርድ ሆኖባታልና ከቤት ጋቢ ቢያመጡላት» አላቸው። የቤቱን ቁልፍ ሰጣቸው። ቁልፉን ተቀበሉ። ከመውጣታቸው በፊት ግን ወደ አልጋው ሄደው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ጆሯቸውን በልጃቸው ደረት ላይ አሳረፉ። ብዙ ቆዩ። የዚያች ልጅ ልብ ከሥሩ የታመመ አይደለም። ከእንጦጦ ሁለት እንስራ ውኃ በአንድ ቀን ያወረደ ልብ ነው። አሁን ግን ሌላ ነገር ያደርጋል፦ ይመታል፣ ይመታል፣ ይደናቀፋል፣ የረሳ ይመስል ዝም ይላል፣ ከዚያ ሁለቱን በአንድ ላይ ያወርዳል። ይህን አመታት የሆነ ቦታ ያውቁታል። የት እንደሆነ ግን አልመጣላቸውም። ትንፋሿን አሸተቱ፤ ከአልጋው ልብስ በላይ ሆዷን ዳበሱ፤ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ባዶ ግን ነው። «ምን ሆንሽ?» አሏት በጆሮዋ። ጥሩነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ያም የመጨረሻ አቅሟ ነበር።

የጥር ፀሐይ ገና አራት ሰዓት ላይ አቧራውን ማሞቅ ጀምራለች። ከሐኪሙ ቤት እስከ ሠራተኛ ሰፈር ቁልቁለት ነው፤ ለስድሳ ዓመት ጉልበት ግን ቁልቁለትም ዳገት ነው። በህንዱ ሱቅ በር ላይ አቡጀዲ የሚለኩ ሰዎች፣ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ባለሥልጣንና የሚከተሉት አሽከሮች፣ መንገዱን በጡሩምባ የምታስለቅቅ አንዲት አውቶሞቢል። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ለማንም አልተጠጉም፤ ሰላምታም አልሰጡም። «ጋቢ» ይሉ ነበር በመንገዳቸው። «ሠላሳ ዓመት የሰው ሆድ የማውቀዋን ሴት ጋቢ አምጪ አሉኝ። የልጄ ልብ ወረቀት ላይ ተጽፎ እነሱ ያነቡታል፣ እኔ ጋቢ።» በኋላ ይህን መናገራቸውን ትተው ወደዚያ የልብ አመታት ተመለሱ። ይመታል፣ ይመታል፣ ይደናቀፋል።

የጥሩነሽ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ። ቤቱን ከመስቀል ወዲህ አላዩትም፤ አዲስ ቁም ሣጥን ገብቶበታል። ጋቢውን ከአልጋው ራስጌ አነሡት። ያን ጊዜ መሄድ ይችሉ ነበር፤ ጋቢውን ይዘው እንደ ታዘዙት መመለስ። እሳቸው ግን አፍንጫቸውን ያምናሉ። ጓዳው ውስጥ፣ የሽሮና የበርበሬ ሽታ መሀል፣ አንድ የማይገባው ነገር አለ፤ መራራ፣ የደረቀ አበባ የሚመስል። ከወፍጮው ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን ጠቅልለው አበሱና ወደ ብርሃን አወጡት፤ ጨርቁ ላይ ቀላ ያለ ዱቄት። ከማድጋው ጀርባ እጃቸውን ሰደው ሲዳብሱ ቀንድ ዋንጫ አገኙ፤ ታጥቧል፣ ግን በችኮላ የታጠበ ነው፤ ሥሩ ላይ ደለሉ ደርቋል። ዋንጫው ውስጥ ደግሞ፣ ልጅቷ ምድጃ ውስጥ ልትጥለው አስባ የረሳችው፣ የኮሶ ጥቅል ማሰሪያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቀይ ክር ነው። አንድ ሳይሆን ሦስት።

ወይዘሮ ሰርክአዲስ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሦስቱን ክሮች በጉልበታቸው ላይ ደረደሩ። ኮሶ የሚጠጣው በሁለት ወር አንዴ ነው። ጠጥቶ፣ ወርዶ፣ ጠላና መረቅ ተቀምሶ፣ ሰው ሁለት ቀን ጋደም ብሎ ይነሣል። ሦስት ጥቅል የግማሽ ዓመት ነው። ወፍጮው ላይ ያለው ዱቄት ግን ገና እርጥበቱ አልለቀቀውም። ያን ጊዜ የዚያ የልብ አመታት ነገር መጣላቸው። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ግድም፣ አንድ ጭነት ነጂ ከሳቸው ሁለት ጥቅል ገዝቶ በአንድ ጧት ጠጥቶት፣ እዚያው ገበያው ዳር በበቅሎዎቹ መሀል ወድቆ ነበር። ጭንቅላቱን አቅፈው ይዘውት ነበር። ልቡ እንዲሁ ነበር፤ ይደናቀፋል፣ ይረሳል፣ ሁለቱን ባንዴ ያወርዳል። ያ ሰው አልተነሣም።

በቀይ ክር የምታስረው ሀጂራ ናት። እያንዳንዷ የኮሶ ነጋዴ የራሷ አስተሳሰር አላት፤ አንዷ በልጥ፣ አንዷ በቃጫ፤ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ራሳቸው ሥራውን እስኪተዉ ድረስ በነጭ ክር ሁለት ጊዜ አዙረው ያስሩ ነበር። ሀጂራ የወሎ ሰው ናት፤ በሳቸው ቦታ ላይ የተተካችው እሷ ናት፤ ሥራውንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ገበያው ሲደርሱ ከፊቷ ከኮሶው ጋር ሌላውን የትል መድኃኒት፣ እንቆቆና መተሬ፣ በየቁናው ዘርግታ፣ ከአንዲት ገዢ ጋር በአንድ ቤሳ ትጨቃጨቃለች።

«ኧረ እማማ ሰርኬ፣ ምነው ጋቢ ታቅፈው? ገበያው ብርድ ሆነብዎ?»

«ጥሩነሽ ካንቺ ኮሶ ገዝታለች?» አሉ ሳይቀመጡ።

ሀጂራ ገዢዋን ተወቻት። የወይዘሮ ሰርክአዲስን ፊት አየች፤ ቀልዱ ከአፏ ላይ ጠፋ። «ገዝታለች» አለች። «ለናቴ አትንገሪ ብላኛለች፤ እኔም ምን አገባኝ ብዬ። ያለፈው ረቡዕ አንድ ጥቅል ወሰደች። የከረመ ነበር፣ ያምናው፤ አልዋሽዎትም፣ አዲሱ ገና አልገባም። ዓርብ ተመልሳ አልወረደም አለችኝ። ያን ቀን የመናገሻው አዲሱ፣ ኃይለኛው፣ ገብቶልኝ ነበርና ከሱ ሰጠኋት። ሰኞ ደግሞ መጣች። ለሰው መስሎኝ፣ እማማ። አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለባሏ፣ አንዱ ለቤተ ዘመድ። አንድ ሰው በአምስት ቀን ሦስት ኮሶ ይጠጣል ብሎ ማን ያስባል? ሰኞማ ፊቷ ገርጥቶ ነበር፤ ምነው ብላት፣ ባቡሩ ሳይመለስ መጨረስ አለብኝ፣ ራሱን ገና አላየሁትም አለችኝ።»

ሀጂራ «ወላሂ ባውቅ» ስትል ወይዘሮ ሰርክአዲስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። የሀጂራ ጥፋት አልነበረም። «ራሱን» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ያውቁታል። ጥሩነሽ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና የመጀመሪያዋን ኮሶ ሲግቷት፣ አፍንጫዋን ይዘው፣ «የትሉ ራሱ ካልወጣ ምኑም አልወጣም፤ ራሱን በዐይንሽ እስክታዪው ድረስ ድገሚ» ያሏት እሳቸው ናቸው። ለገዢ ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነበር፤ ለገዢ ሲሉት ግን «ከሁለት ወር በኋላ» ብለው ይጨምሩበታል። ለልጃቸው ጨምረውበት ይሆን? አላስታወሱትም። እናት ዘንድ ላለች ልጅ ቀኑን የምትቆጥረው እናት ናት፤ መንገር ምን ያስፈልጋል። ይህችኛዋ ግን ብቻዋን ቀረች፤ ባል ሲመለስ የሚቆጣባት፣ እናት ደጄ አትምጪ ያለቻት፣ በእጇ ያላት ስምንት ቀን ብቻ። በስምንት ቀን ውስጥ ራሱን ልታይ ሞከረች።

ከገበያው እስከ ሐኪሙ ቤት ያለውን ዳገት እንዴት እንደወጡት አላወቁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግንብ ተደግፈው ትንፋሽ ሲሰበስቡ፣ አንድ ሐሳብ መጣባቸው፦ ነገሩን በሀጂራ ላይ ማላከክ ይቻላል። የከረመ ሸጠች፣ አላስጠነቀቀችም። ፍስሃ ያን ጊዜ አፉን ይዘጋል፤ የኮሶ ነጋዴይቱ የገዛ ልጇን ገደለች ብሎ በጉምሩክ ሰው ፊት አይናገርም። ሐሳቡን አልገፉትም፤ በረኛ እንደሚያባርር አባረሩት። ምክንያቱም ሐኪሙ ለልጅቷ ያቺን «ድገሚ» የምትል ነገር ማን እንዳስተማራት ካልሰማ፣ ሦስቴ መጠጣቷን አያምንም። ሀጂራም እንዳለችው፣ ይህን ማንም አያስብም።

ሲገቡ ሐኪሙ መርፌውን በስፒሪቶ እሳት አፍልቶ አዘጋጅቷል። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ በብርሃን ላይ ይዞ ይመለከታል። ፍስሃ ቆሟል፤ ሰዓቱን በመዳፉ ይዟል።

«አትውጋት» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ።

«እሜቴ፣ እባክዎ» አለ ፍስሃ።

«ለሱ ነው የምናገረው። ስማኝ ሙሴ ሃይጋዝ። ያ ወረቀትህ ላይ እሾሁ የት ላይ እንደሚሳሳት እኔ ልንገርህ፣ አንተ ከወረቀቱ ተመልከት።» ጋቢውን ጣሉትና ከጨው ውኃው ሳህኖች አንዱን ገልብጠው በጣታቸው ጫፍ መቱት። ቀስ ብለው መቱት፤ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ችኩል አንድ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ደርበው ሁለት። መጀመሪያ ሐኪሙ ትዕግሥት አጥቶ ነበር የተመለከታቸው። ኋላ ግን ጠርሙሷን አስቀመጠና ወረቀቱን አነሣ፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ጣታቸውን ተከተለ። እሳቸው ሲደናቀፉ ጣቱ እሾሁ ላይ ነበር፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ጣቱ ባዶው ላይ።

«ይህን ከየት አወቁት?» አለ። ያን ቀን የጠየቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

«ኮሶ ከጨረሰው ሰው። በእጄ ላይ ሞቷል። ይህች ልጅ ልቧ አልታመመም፤ በአምስት ቀን ሦስት ኮሶ ጠጥታለች፤ ሁለቱ የመናገሻ አዲስ ነው። ያላትን ሁሉ አፍስሳለች። የጠጣችበትን ዋንጫ አገኘሁት፤ የሸጠችላትም ነግራኛለች።»

«ሐሰት ነው» አለ ፍስሃ። ድምፁ ግን የተመረጠ ቃል አልነበረውም። «በኔ ቤት ኮሶ የለም። ብትጠጣ ትነግረኝ ነበር።»

ሐኪሙ ወዲያ ወዲህ አየ። እንግዲህ ችግሩ ይህ ነበር፤ በግልጽ ነገራቸው። ልቡ በራሱ የደከመ ከሆነ፣ ያለ መርፌው ማታን አይደርስም። ተመርዞ፣ ተጠርጎ፣ ደርቆ ከሆነ ደግሞ፣ ይኸው መርፌ በደከመ ፈረስ ላይ እንደ ወረደ አለንጋ ነው፤ እዚያው ያስቀረዋል። ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ አይነግረውም። ባልየው ምንም አልጠጣችም ብሎታል፤ እናቲቱ ጠጥታለች ትላለች። «የሚያውቀው አንድ ሰው ነው» አለና ወደ አልጋው ተመለከተ።

ጥሩነሽ ሁሉን ሰምታለች። ዐይኗ ተከድኗል፤ የዐይኗ ቆብ ግን ይርገበገባል። ፍስሃ ጎንበስ ብሎ «ጥሩዬ፣ ጠጥተሻል?» አላት። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ይህን ዝምታ ያውቁታል፤ የገዛ ቤታቸው ዝምታ ነው፤ ልጅቷ ሕፃን ሆና ሸክላ ስትሰብር እንዲሁ ነበረች፤ ብትገረፍም አትናገርም። አሁንም ልትሞት ትችላለች፤ ሞታም አትናገርም።

በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ለማንም ሰው ይቅርታ ብለው አያውቁም፤ እንዴት እንደሚጀመር አላወቁበትም። ስለዚህ እንደሚያውቁት ጀመሩት። «ስሚ፣ አንቺ ደንቆሮ» አሉ። «ራሱን እስክታዪ ድገሚ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ። ሁለት ወር ይቆያል አላልኩሽም፤ እኔው የምቆጥርልሽ መስሎኝ። ከዚያ ደግሞ ደጄ አትምጪ አልኩሽ። ምላሴ ነው። ይህ ሰውዬ ቢቆጣ በኔ ይቆጣ፤ እዚህ አለሁ፣ አልሸሽም። አንቺ ግን ስንት ጊዜ እንደጠጣሽ ለዚህ ሐኪም ንገሪው። ከንፈርሽን አንቀሳቅሺ። የቀረውን እኔ እሸከመዋለሁ።»

በታችኛው ቤት ሰዓት አዳሹ አንድ ነገር በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ይሰማል። ፍስሃ ቀና ብሎ አማቱን አየ፤ ካለፈው መስቀል ወዲህ ፊት ለፊት ሲያያቸው የመጀመሪያው ነበር።

«ሦስቴ» አለች ጥሩነሽ። ከዚያ ቆይታ፣ «ሰኞም» አለች። እንባ ሊወጣት ፈልጎ ነበር፤ በሰውነቷ ውስጥ የቀረ ውኃ ግን አልነበረም።

ሐኪሙ መርፌውን ፈትቶ ጠርሙሷን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰ፤ ቆለፈበትም። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ የመድኃኒት ቤት ነገር አልነበረም። ጨውና ስኳር የገባበት የፈላ ውኃ፣ የሥጋ መረቅ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፤ በማንኪያ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ሳይቋረጥ፤ ካስመለሳት አርፎ እንደገና። እግሯን የሚያሞቅ ነገር። ፍስሃ እንደ ነቃ ሰው «ከድሬዳዋ አንድ ቅርጫት ብርቱካን አምጥቼላት ነበር፤ ባቡር ጣቢያ ለሻንጣ ጠባቂው ትቼው ነው የመጣሁ» አለና ሮጠ። የሮጠው በእግሩ ነው፤ ጋሪ እንኳን አልጠራም። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ታች ወርደው ከሰዓት አዳሹ ሚስት ምድጃና ድስት ለመኑ፤ ለመኑ ስል፣ ገብተው ያዙ። መረቁን አፈሉ። ሐኪሙ ራሱ ጡብ አሙቆ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግሯ ሥር አስገባላት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሐኪሙ እጇንና እግሯን መልሶ ሳህኖቹ ውስጥ ነከረ። ስለ አሥራ ሁለቱ ብር ማንም አላነሣም። ከዚያ ወደ ጨለማው ክፍል ገባ። ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ከጧቱ ጎን ለጎን አድርጎ መስኮቱ ላይ ለጠፈው፤ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የጠራው ወይዘሮ ሰርክአዲስን ነው። የተደፈጠጠችው ኮረብታ የጥፍር ውፍረት ያህል ቀና ብላለች። ያቺ ልትኖር የማይገባት ኮረብታ አልጠፋችም፤ አጥራለች። ችኩሎቹ እሾሆች ጧት በአንድ ክንድ ወረቀት ላይ ሰባት ነበሩ፤ አሁን ሁለት ናቸው። «ገና ነው» አለ። «ድናለች አልልም። ዛሬ ማታ ካልተውናት፣ ነገም ካልተውናት፣ ትነሣለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህንን ሁለቱን ወረቀት ለመምህሬ እልከዋለሁ፤ ኮሶ በልብ ላይ እንዲህ እንደሚጽፍ አያውቁም።»

«እኛም አናውቅም ነበር» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ። ወደ አልጋው ተመለሱ።

ፍስሃ ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ብርቱካን ይልጣል። ኮቱ በአቧራ ተለውሷል። የጨመቀውን በሲኒ ይዟል፤ የሚሰጠው ግን ለማን እንደሆነ የጠፋው ይመስላል። «ለምን ደበቀችኝ?» አለ ዝቅ ብሎ፣ ለአማቱ ይሁን ለሲኒው ሳይታወቅ። «ምን አደርጋት ነበር? አልመታትም። ቃል ነው የተናገርኩት።»

ወይዘሮ ሰርክአዲስ ለዚህ ጥያቄ አራት ወር ሙሉ የተሳለ መልስ ነበራቸው። በቤታቸው፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲስሉት የከረሙት፣ ሰው ፊት ቢያወጡት ይህንን ጸሐፊ ከእግር እስከ ራሱ የሚከፍል መልስ። ምላሳቸው ላይ ደረሰ። እዚያው ተውት፤ ዋጡት፤ ሲወርድ እንደ ኮሶ መሮ ወረደ። ልጅቷ ዐይኗን ገልጣ ሁለቱንም ታያለች። ዐይኗ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ማን መጀመሪያ እንደሚቆጣ ይጠብቃል። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ያን ዐይን አዩ። ዱካቸውን ከበሩ ጥግ ስበው አምጥተው ከአልጋው ራስጌ አስቀመጡት፤ እሳቸው አልተቀመጡበትም። ማንኪያውን አነሡና እጀታውን ወደ አማቻቸው አዙረው ዘረጉለት።

«ይቀመጡ፣ አቶ ፍስሃ» አሉ። «ይህን ሲኒ በማንኪያ በማንኪያ የሚያጠጧት እርስዎ ነዎት። እጅዎ ቢንቀጠቀጥም ያጠጧት፤ ቢፈስም ያጠጧት። ለምን ደበቀችኝ የሚለውን ለኔ ያቆዩልኝ፤ ሲኒው ባዶ ሲሆን ደጅ ወጥተን እርስዎም ይናገሩኛል፣ እኔም እሰማለሁ። እዚህ ግን አንዲት የወቀሳ ቃል ከአፍዎ እንዳትወጣ። በሉ፣ ማንኪያውን ይቀበሉኝ።»